ደሴ ላይ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ማርስ ላይ 23 ኪሎ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይስ?

ዛሬ ከወትሮው ዜና ወጣ ብለን ስለ ሚዛን እናወራለን። ነገሩ የሚጀምረው ከፕላኔቶች ነው፤ የሚደርሰው ግን ጤፍና ሽንኩርት የምንገዛበት ሚዛን ዘንድ ስለሆነ ትዕግስት አድርጋችሁ አንብቡት።

60 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ሴት እናስብ። ይህችው ሴት የሰው መመዘኛ ሚዛኗን ይዛ ጨረቃ ላይ ብትወጣ ሚዛኑ 10 ኪሎ ይላታል። ማርስ ላይ 23 ኪሎ ገደማ፣ ቬኑስ ላይ 54፣ ጁፒተር ላይ ደግሞ (የሚቆምበት መሬት ቢኖር ኖሮ) 150 ኪሎ አካባቢ። ታዲያ ከሳች? ወፈረች? ምንም አልሆነችም። ቀሚሷም ልኳ ነው፣ ቀበቶዋም የሚቆለፈው በዚያችው ቀዳዳ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከቃሉ ነው። ገበያ ላይ "ክብደት" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው እቃው ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት ነው፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ "መጠነ ቁስ" ይለዋል፣ የሚለካውም በኪሎ ግራም ነው። ሌላው ያንን እቃ መሬት ወደ ራሷ የምትስብበት ጉልበት ነው። ትክክለኛው ክብደት እሱ ነው፣ የሚለካውም በኒውተን ነው። መጠነ ቁስ የትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል። ክብደት ግን እንደቆማችሁበት ቦታ ይለዋወጣል።

ስሌቱ አንድ መስመር ነው፤ መጠነ ቁስን በቦታው ስበት ማባዛት። መሬት ላይ ስበቱ 9.8 ገደማ ነው፤ ይህ ማለት ከእጃችሁ ያመለጠ ድንጋይ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሆነችው ሴት መሬት ላይ ክብደቷ 588 ኒውተን ነው። ማርስ ላይ ስበቱ 3.71 ስለሆነ 223 ኒውተን፣ ጨረቃ ላይ 1.62 ስለሆነ 97 ኒውተን ይሆናል። ኪሎዋ ግን ሦስቱም ቦታ ላይ 60 ነው። ፈተና ላይ "የአንድ ሰው መጠነ ቁስ ጨረቃ ላይ ስንት ይሆናል?" ተብሎ ቢመጣ ተማሪው ለስድስት ማካፈል ከጀመረ ወጥመዱ ውስጥ ገብቷል። መልሱ መሬት ላይ የነበረው ራሱ ነው።

"ታዲያ መጠነ ቁስ ካልተሰማን ምን ይጠቅማል?" የሚል ይኖራል። ይሰማናል እንጂ! የሐረጎን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ቁልቁል ሲወርድ ሾፌሩን የሚያስጨንቀው አንዱ ነገር እንዴት ላቁመው የሚለው ነው። መጠነ ቁስ ማለት ይሄ ነው፦ የቆመው አልነሳም፣ የሚሄደው ደግሞ አልቆምም የሚልበት ግትርነት። ያንን አይሱዙ ጨረቃ ላይ ሜዳ መንገድ ላይ እናስቀምጠው። 50 ኩንታሉ መኪናውን የሚጫነው እኛ ጋ 8 ኩንታል እንደሚጫነው ያህል ብቻ ነው፣ ባሌስትራው ዘና ይላል። ፍሬን ሲያዝ ግን ጉዱ ይወጣል። የሚቆመው ነገር ያው 50 ኩንታል ከነመኪናው ነው፤ ጎማው መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ጉልበት ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዷል። በዚያው ፍጥነት ሲሄድ የነበረ መኪና ለመቆም ስድስት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል ማለት ነው። የአፖሎ ጠፈርተኞችም የገጠማቸው ይሄው ነው። ወደ 90 ኪሎ የሚደርስ ልብስና መተንፈሻ ተሸክመው 15 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር የሚከብዳቸው፤ ሮጠው ለመቆምና ለመዞር ግን ይቸገሩ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከባድና ቀላል ነገር እኩል ነው የሚወድቀው፣ አየር ካልከለከለው። ከባዱ በብዙ ይሳባል፣ በዚያው ልክ ደግሞ አልነሳም ባይ ነው፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በ1971 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። እኩል ነው መሬት የነኩት። ቪዲዮው አሁንም ይገኛል፣ እዩት።

ወደ ፕላኔቶቹ እንመለስ። ብዙ ሰው "ትልቅ ፕላኔት ከሆነ ስበቱ ትልቅ ነው" ብሎ ነው የሚያስበው። ግማሽ እውነት ነው። አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ሁለት ነገር ነው የሚያየው፤ ፕላኔቱ ውስጥ ስንት ቁስ አለ፣ እናንተስ ከመሃሉ ምን ያህል ርቃችሁ ቆማችኋል። ርቀቱ ደግሞ የሚቀንሰው በራሱ ተባዝቶ ነው። ሁለት እጥፍ ብትርቁ ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ሦስት እጥፍ ብትርቁ ወደ አንድ ዘጠነኛ።

ይህን ይዘን ዩራነስን እንይ። ከመሬት 14.5 እጥፍ የሚበልጥ ቁስ አለው። ሰው ሲሰማ 14 እጥፍ የሚከብድ ይመስለዋል። ግን ዩራነስ በጣም የተነፋ ነው፤ ከመሃሉ እስከ ላዩ ያለው ርቀት ከመሬት 4 እጥፍ ነው። 4 በ4 ሲባዛ 16፣ 14.5 ለ16 ሲካፈል 0.9። አበቃ! ዩራነስ ላይ 60 ኪሎዋ ሴት 54 ኪሎ ገደማ ናት፣ ከመሬት ይቀላታል። ሳተርንም እንዲሁ ነው፤ 95 መሬት የሚያህል ቁስ ይዞ፣ ከመሃሉ በጣም ስለሚርቅና በፍጥነት ስለሚሽከረከር፣ ወገቡ ላይ ያለው ስበት ከእኛ ጥቂት ያንሳል። ጁፒተር ብቻ ነው በእውነት የሚያስጨንቀው፤ 318 እጥፍ ቁስ፣ 11 እጥፍ ርቀት፣ ሂሳቡ ሲሠራ 2.5 እጥፍ ገደማ ይመጣል። ኔፕቲዩን ላይ በ14 በመቶ ገደማ ትከብዳላችሁ።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የሜርኩሪና የማርስ ነገር ነው። ማርስ ከሜርኩሪ ሁለት እጥፍ ያህል ቁስ አለው፤ ሁለቱም ላይ ግን ሚዛኑ እኩል ነው የሚያነበው፣ የመሬትን 38 በመቶ። ሜርኩሪ ትንሽ ናት ግን ጥቅጥቅ ያለች ናት፣ አብዛኛው ሆዷ ብረት ነው። ላይዋ ላይ የቆመ ሰው ለመሃሏ በጣም ስለሚቀርብ የጎደለውን ቁስ ቅርበቱ ይሞላዋል።

በነገራችን ላይ ለእነዚህ ፕላኔቶች የቆየ ስም አለን። ዝሁራ የምንላት ቬኑስ ናት፣ መሪኅ ማርስ፣ መሽተሪ ጁፒተር፣ ዙሐል ሳተርን። ከዐረብኛ የመጡ ስሞች ናቸው፤ ዐረብኛ የቀሩ የወሎ ልጆች ወዲያው ይለዩዋቸዋል።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ሳተላይት እንውሰድ። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ወደ ህዋ ተላከች። መጠነ ቁሷ 70 ኪሎ ገደማ ነው፣ የተቀመጠችውም ከመሬት 628 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው። እዚያ ላይ ክብደት የለም ብለን ነው የምናስበው፣ አይደል? እንቁጠረው። መሬት ከመሃሏ እስከ ላይዋ 6,371 ኪሎ ሜትር ናት። ሳተላይቷ ያለችው ከመሃል 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሂሳቡ ሲሠራ ስበቱ 83 በመቶ እንዳለ ነው! እዚያ ከፍታ ድረስ ማማ ሠርተን፣ ሳተላይቷን ማማው ጫፍ ላይ ባለ ሚዛን ብናስቀምጣት 58 ኪሎ ታነብ ነበር።

ታዲያ ለምን አትወድቅም? ትወድቃለች እኮ። ያለማቋረጥ እየወደቀች ነው። ግን በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ስለምትወነጨፍ፣ ዝቅ ባለች ቁጥር መሬትም ከሥሯ እየጎበጠች ትሸሻታለች፤ በ97 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ጠፈርተኞች ሲንሳፈፉ የምናየውም ከነቤታቸው አብረው ስለሚወድቁ ነው። ስበት ስላጡ አይደለም። ስበት ባይኖርማ ሳተላይቷ ቀጥ ብላ ሄዳ በጠፋች ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንውረድ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,470 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ልዩነቱ 600 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ያለ ሰው ከመሬት መሃል ይርቃል፣ ስለዚህ ክብደቱ ይቀንሳል። ምን ያህል? 600 ሜትር ለ6,371 ኪሎ ሜትር ሲካፈል አንድ አሥር ሺህኛ ያህል ነው፤ ርቀቱ በራሱ ስለሚባዛ ውጤቱ ሁለት አሥር ሺህኛ ይሆናል። አንድ ኩንታል እህል ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ 18 ግራም ገደማ ይቀለዋል ማለት ነው። ግን ደሴ በአየር ላይ የተንጠለጠለች ከተማ አይደለችም፤ ከሥሯ 600 ሜትር ተጨማሪ አለት አለ፣ እሱም ይስባል። ያ ሲደመር ልዩነቱ ወደ 12 ግራም ይወርዳል። እንግዲህ ከ12 እስከ 18 ግራም በሉት፣ እንደ አለቱ ዓይነት። 60 ኪሎዋ ሴት ኮምቦልቻ ወርዳ ብትመዘን ከ7 እስከ 11 ግራም ትጨምራለች። ሐረጎን እስክትወርድ የምትጠጣው አንድ ጉንጭ ውሃ ከዚያ ይበልጣል።

ከባቲ ሰኞ ገበያ ተገዝቶ ደሴ የሚመጣ ፍየልም እንደዚሁ ነው። ስበቱ የሚቀንስበት ጥቂት ግራም ነው። መኪና ላይ ሲንገላታ በሽንትና በጥማት የሚያጣው ግን በኪሎ ይቆጠራል። "ደሴ ሲደርስ ቀለለ" የሚል ነጋዴ ካለ እውነቱን ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ከከፍታ ጋር የሚምታቱ ነገሮችም አሉ። ደሴ ባቄላና ሽሮ ክክ ለመብሰል ይቆያል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 94፣ ባህር ዳርቻ ላይ 100። ይሄ የአየር ግፊት ጉዳይ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ስትወጡ እግራችሁ የሚከብዳችሁም ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ነው። ክብደታችሁማ እንዲያውም በጥቂት ግራም ቀንሷል!

ሰፋ ያለ ልዩነት የሚመጣው ወደ ሰሜን ስንሄድ ነው። መሬት እንደ ብርቱካን ፍጹም ክብ አይደለችም፣ ወገቧ ላይ ሰፋ ትላለች፣ በዚያ ላይ ትሽከረከራለች። ስለዚህ ምድር ወገብ አጠገብ ስበቱ 9.78 ሲሆን ዋልታው ላይ 9.83 ነው። እኛ ለወገቡ ቅርብ ነን፣ በላዩ ላይ ከፍታ አለን። ሁለቱ ሲደመሩ የደሴ ስበት 9.775 አካባቢ ይመጣል። ስቶክሆልም 9.818 ነው። ደሴ 70 ኪሎ የሆነ ዘመዳችሁ እዚያ ደርሶ ያንኑ ሚዛን ቢወጣበት፣ ምንም ሳይበላ 300 ግራም ያህል ይጨምራል።

ቀልድ ይመስላል። ግን ኪስ የሚነካው እዚህ ጋ ነው።

ሁለት ዓይነት ሚዛን አለ። ባለ ሁለት ሳህኑ፣ የሚዛን ድንጋይ የሚቀመጥበት፣ ስበትን አያውቅም። በአንድ በኩል እህሉ፣ በሌላ በኩል ድንጋዩ፤ ስበቱ ሲቀንስ ለሁለቱም እኩል ነው የሚቀንሰው። ይሄ ሚዛን ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ጨረቃም ላይ ትክክለኛውን ኪሎ ይናገራል። የሚያወዳድረው መጠነ ቁስን ነው። አያቶቻችን የተጠቀሙበት ሚዛን ማርስ ላይ ሳይስተካከል ይሠራል ስል አላጋነንኩም። በሞላ የሚሠራው የሚንጠለጠል ሚዛንና ዲጂታሉ ግን ሌላ ናቸው። እነሱ የሚለኩት እቃው የተጫነበትን ጉልበት፣ ማለትም ክብደቱን ነው። ከዚያ ያንን ጉልበት በልባቸው ወደ ኪሎ ቀይረው ይጽፉታል። የሚቀይሩበት ቁጥር ደግሞ ፋብሪካው ወይም ያስተካከላቸው ባለሙያ የሰጣቸው የስበት ቁጥር ነው።

ፋብሪካው 9.80 ብሎ ያስተካከለው ዲጂታል ሚዛን ደሴ መጥቶ ሳይነካካ ሥራ ከጀመረ፣ ትክክለኛው 100 ኪሎ ሲጫንበት 99.75 ገደማ ነው የሚለው። ሰሜን አውሮፓ 9.81 ላይ የተስተካከለ ከሆነ 99.64። በኩንታል ከ250 እስከ 350 ግራም የሚደርስ ጉድለት ማለት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ልዩነት ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ማን ይጎዳል? ሚዛኑ እያሳነሰ ስለሚያነብ የሚጎዳው ሻጩ ነው። ችርቻሮ ሱቅ ከሆነ ባለሱቁ በየኪሎው 3 ግራም ያህል እየጨመረ ይሰጣል፤ ለገዢ ምንም አይደለም። ነገሩ የሚገለበጠው ገበሬው እህሉን ለነጋዴ ሲሸጥ ነው፣ ምክንያቱም ሚዛኑ የነጋዴው ነው። 20 ኩንታል ያስረከበ ገበሬ፣ ማንም ሳያጭበረብረው፣ ከ5 እስከ 7 ኪሎ እህል በነጻ ይሰጣል። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ 10 ግራም ቀለበት ስትሸጡም ከ0.025 እስከ 0.035 ግራም ትጎድሉ ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ግን ወርቅ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። ገበያ ወጥታችሁ አንድ ኪሎ ብላችሁ የገዛችሁት ሽንኩርት ቤት ሲመዘን 900 ግራም ከሆነ "የከፍታው ጉዳይ ነው፣ የደሴ አየር ነው" የሚል ሰበብ አይሠራም። አንደኛ፣ ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር ሳይነካ የቀረ ሚዛን ደሴ ላይ የሚያደላው ለገዢው እንጂ ለሻጩ አይደለም። ሁለተኛ፣ መጠኑ አይገናኝም። ስበት ከኪሎ ላይ 100 ግራም እንዲቀንስ ከመሬት 345 ኪሎ ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል። ወይም ቬኑስ ላይ መገበያየት፤ እዚያ የሚጎድለው 90 ግራም ገደማ ነው። መናኸሪያ አጠገብ 100 ግራም ከጎደለ ፊዚክስን ሳይሆን ሚዛኑን፣ አለዚያም ባለሚዛኑን ነው መጠየቅ።

ለራሳችሁ ማጣራት ከፈለጋችሁ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ያልተከፈተ የአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፤ ከነፕላስቲኩ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ግራም ከፍ ማለት አለበት። 1.1 ወይም 1.2 ካለ ሚዛኑ እያበዛ ነው፣ እናንተ እየተበላችሁ ነው። ይህ ዘዴ ጥቃቅን ግራሞችን አይለይም፣ ትልቁን ሌብነት ግን ያጋልጣል። እቃ ከመጫኑ በፊትም ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ፤ ብዙ ሰው ዓይኑ ሽንኩርቱ ላይ ስለሆነ ይሄን ያልፈዋል።

የስበቱን ስህተት ማስተካከል ግን የባለሙያ ሥራ ነው፣ ከባድም አይደለም። ልኩ የተረጋገጠ የሚዛን ድንጋይ ሚዛኑ ባለበት ቦታ ላይ ይጫናል፣ ሚዛኑም "ይሄ 20 ኪሎ ነው" ተብሎ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ የደሴን ስበት በራሱ ያካትታል። ካሊብሬት ማድረግ የሚባለው ይሄ ነው። በአገር ደረጃ የልኬቶችን ማመሳከሪያ የሚይዘው የኢትዮጵያ ሥነ-ልክ ኢንስቲትዩት ነው፤ የገበያ ሚዛን ቁጥጥር ደግሞ የንግድ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። ኪሎ ግራሙ ራሱ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ የብረት ቁራጭ ሳይሆን የትም ቦታ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ነው የሚተረጎመው፤ ደሴ ያለው ኪሎ ማርስ ላይ ካለው ኪሎ ጋር አንድ ነው።

ሚዛን ያላችሁ ነጋዴዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምቦልቻ የተስተካከለ ዲጂታል ሚዛን ደሴ ይዛችሁ ብትወጡ በኩንታል ቢበዛ 18 ግራም ነው የሚስተው፤ ለእህል ብዙም አያሳስብም። ከአዲስ አበባ የመጣም ቢሆን ስበቱ ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከውጭ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ መጥቶ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ነው ማስመርመር ያለባችሁ።